ዘመቻው «በይፋ ቆመ» የሚባለው መቼ ነው? ግምታችን ከነምክንያቱ

«ዘመቻው መቼ ነው የሚቆመው?»

ከግምጃ ቤት፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ የምትጽፉልን ቤተሰቦቻችን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ይሄንን ነው። አንዱ የሚጠይቀው ፈተና ስላለበት ነው። ሌላው የከሰል ጭነቱ መንገድ ላይ ስለቆመበት ነው። ሌላዋ የሰርጓን ቀን መቁረጥ ስለፈራች ነው። ጥያቄው የፖለቲካ ብቻ አይደለም፣ የኑሮ ነው።

ቲክቶክ ላይ መልሱ ርካሽ ነው። አንዱ ላይቭ ገብቶ «በሁለት ሳምንት እናጸዳለን» ይላል፣ ሌላው ላይቭ ገብቶ «በሁለት ሳምንት ቤተ መንግሥት ነን» ይላል። ሁለት ሳምንቱ ያልፋል፣ ማንም ተመልሶ አይጠይቃቸውም። እኛ እዚህ የምንሞክረው ሌላ ነገር ነው። ገበሬ የዝናቡን መግቢያ ሲገምት ያለፉትን ዓመታት ያስታውሳል፣ የዘንድሮውን ሰማይ ያያል፣ ከዚያ «ምናልባት» ብሎ ይዘራል። እኛም እንደዚያው፣ መጀመሪያ ያለፈውን፣ ቀጥሎ የዘንድሮውን፣ መጨረሻ ላይ ግምታችንን በቁጥር እናስቀምጣለን።

መጀመሪያ ሁለቱን ጥያቄዎች እንለያቸው

«መቼ ይቆማል?» ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው፣ መንግሥት በይፋ «ዘመቻው ቆሟል» የሚለው መቼ ነው? ሁለተኛው፣ ተኩሱ ራሱ የሚቆመው መቼ ነው? ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን ነው የምናየው። የሀገራችን ታሪክ ግን አንድ እንዳልሆኑ ደጋግሞ አሳይቶናል።

የትግራይን ጦርነት እናስታውስ። ዘመቻው የተጀመረው ጥቅምት 25 ቀን 2013 ነው። በ24ኛው ቀን፣ ኅዳር 19፣ ጦሩ መቀሌ ሲገባ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋናው ወታደራዊ ዘመቻ መጠናቀቁን አወጁ። ማወጃው በይፋ ነበር፣ በቴሌቪዥን ነበር፣ ከላይ ነበር። ጦርነቱ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ቀጠለ።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በጦር መርከብ ላይ ቆመው ኢራቅ ውስጥ ዋናው ውጊያ አብቅቷል ብለው ነበር። የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ የወጣው በታኅሣሥ 2011 ነው። ስለዚህ «ተጠናቋል» የሚል ዜና ስትሰሙ ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ትንሽ ቆም በሉ።

ያለፉት ማወጃዎች ምን ይነግሩናል?

ከትግራይ ጦርነት ብቻ አምስት «ማቆሚያዎችን» መቁጠር እንችላለን።

1. ኅዳር 19 ቀን 2013፦ «ዘመቻው ተጠናቋል»። አልቆመም።

2. ሰኔ 21 ቀን 2013፦ የተናጠል ተኩስ አቁም። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ገበሬው ተረጋግቶ እንዲያርስ የሚል ነበር፣ ጊዜውም እስከ እርሻው ወቅት ማብቂያ ተባለ። ጦሩ ከመቀሌ የወጣው በዚያው ቀን ነው። ጦርነቱ ብዙም ሳይቆይ ወደ አማራና አፋር ክልሎች ተስፋፋ።

3. ታኅሣሥ 2014፦ የዘመቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተጠናቋል፣ ጦሩ ባለበት ይቆያል ተባለ። ይሄኛው በአንጻራዊነት ውጊያውን ቀነሰ።

4. መጋቢት 15 ቀን 2014፦ ለሰብዓዊ እርዳታ ሲባል ግጭት ማቆም። ልክ አምስት ወር ቆየ፣ ነሐሴ 18 ቀን ውጊያው እንደገና ፈነዳ።

5. ጥቅምት 23 ቀን 2015፦ የፕሪቶሪያ ስምምነት። ሁለቱ ወገኖች በአፍሪካ ሕብረት አደራዳሪነት ፈረሙ። በአሥረኛው ቀን ናይሮቢ ላይ የጦር አዛዦቹ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ የአፈጻጸም ሰነድ ላይ ፈረሙ። ሰፊውን ጦርነት ያቆመው ይሄ ነው።

አንድ የቆየ ምሳሌም እንጨምር። በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት፣ አቶ መለስ ዜናዊ በግንቦት 1992 መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ በኩል ጦርነቱ አብቅቷል ብለው ነበር። ሰኔ 11 ቀን አልጀርስ ላይ ግጭት የማቆም ስምምነት ተፈረመ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ደግሞ ዋናው ስምምነት። እዚያ ማወጃው ቶሎ ወደ ፊርማ የሄደው ለምንድነው? ግቡ ካርታ ላይ የሚታይ ስለነበር ነው። ባድመ አለች፣ ዛላምበሳ አለች። ቦታው ሲያዝ «ደርሰናል» ማለት ይቻላል።

ከነዚህ ሁሉ ሦስት ትምህርት እንወስዳለን።

አንደኛ፣ መንግሥት ማቆምን የሚያውጀው የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። ከተማ ሲያዝ ወይም ሲለቀቅ፣ ድንበር ላይ ሲደረስ።

ሁለተኛ፣ ማወጃው ሲመጣ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ ወታደራዊ አይደለም። እርሻ፣ እርዳታ፣ ለሰላም እድል መስጠት ይባላል። «አልቻልንም» ወይም «ደከመን» የሚል መግለጫ በዓለም ላይ የለም።

ሦስተኛ፣ አንድ ወገን ብቻውን ያወጀው ብዙም አልቆየም። የቆየው ሁለቱም የፈረሙበት፣ ሦስተኛ ወገን ያየው፣ አዛዦች የተጨባበጡበት ነው።

የአማራው ለምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። መጋቢት 28 ቀን 2015 መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ ለማደራጀት መወሰኑን አሳወቀ፣ አማራ ክልል ተቃውሞ ተነሳ። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ነሐሴ 8 ቀን ፓርላማው አጸደቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በነሐሴ መጀመሪያ፣ አዋጁ ከወጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ መንግሥት ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስና ሸዋ ሮቢት ከታጣቂዎች ነጻ ሆነዋል አለ። በትግራይ ጦርነት «ተጠናቋል» የተባለው መቀሌ ሲያዝ ነበር። እዚህ ግን የከተሞቹ ዜና የመጣው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ማለትም የሚታየው ትልቅ ድል ቀድሞ ተነገረ፣ ውጊያው ግን ወደ ገጠሩና ወደ መንገዱ ሄደ። ከዚያ በኋላ «ይሄ ሲያዝ ያበቃል» የሚባል አንድ ከተማ የለም። ጫካ ውስጥ ሪባን አይቆረጥም።

ሁለተኛው ችግር የሕግ ሰዓቱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ስድስት ወር ነው፣ ፓርላማው በሁለት ሦስተኛ ድምጽ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል። የኛው ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዘመ፣ በግንቦት 2016 መጨረሻ ደግሞ ሳይታደስ ጊዜው አለቀ። ወታደራዊ እንቅስቃሴው ግን አብሮት አላለቀም። እንደውም በመስከረም 2017 የመከላከያና የክልሉ የጸጥታ ኃይሎች አዲስ ሰፊ ዘመቻ ጀመሩ፣ ብዙ ሰዎችም ታሰሩ።

ይሄ ለግምታችን ትልቅ ነገር ነው። አዋጅ የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ሲደርስ መንግሥት ወይ ያራዝማል ወይ ያነሳል፣ ሁለቱም ዜና ነው። «ሕግ ማስከበር» ግን የማብቂያ ቀን የለውም። ፖሊስ «ሕግ ማስከበር ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ መንግሥት አሁን የያዘው ስም ራሱ «ቆመ» ለማለት አይመችም።

ሦስተኛው፣ ከማን ጋር ነው የሚፈረመው? በትግራይ በኩል አንድ ድርጅት፣ አንድ የዕዝ ሰንሰለት ነበር። የፋኖ አደረጃጀቶች ግን በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ተለያይተው የተነሱ ናቸው። አንድ ለመሆን ደጋግመው ሞክረዋል፣ በመካከላቸውም ፉክክር አለ። አንዱ ቢፈርም ሌላው «እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል።

ኦሮሚያ እንደ መስታወት

ለአማራው ሁኔታ ከትግራይ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ኦሮሚያ ነው ብለን እናምናለን። እዚያ ከኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ጋር ያለው ውጊያ ከ2011 ገደማ ጀምሮ አለ። በ2015 ሚያዝያ ላይ ታንዛኒያ ውስጥ ንግግር ተደረገ፣ በ2016 ኅዳር ላይ ዳሬሰላም ተደገመ፣ ሁለቱም ያለ ስምምነት ተበተኑ። ኅዳር 22 ቀን 2017 ላይ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ከሠራዊቱ ከተለዩት ከጃል ሰኚ ነጋሳ ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ። የዋናው ሠራዊት አመራር ግን አልፈረመም፣ ውጊያውም ሙሉ በሙሉ አልቆመም።

ልክ በዓመቱ፣ ኅዳር 25 ቀን 2018፣ የአማራ ክልል መንግሥት ከአማራ ፋኖ ሕዝባዊ ድርጅት ጋር አዲስ አበባ ላይ ተፈራረመ። በድርጅቱ በኩል የፈረሙት ካፒቴን ማስረሻ ሰጤ ነበሩ፣ የአፍሪካ ሕብረትና ኢጋድም ተገኝተዋል። በጎጃም የሚንቀሳቀሱት ዋና ታጣቂዎች ግን የዚህ ስምምነት አካል አይደሉም።

ሁለቱን ስታስተያዩ አንድ መልክ ይታያል። ፈራሚው የክልል መንግሥት ነው፣ የሚፈረመውም ከአንድ ክፍል ጋር ነው። መከላከያን የሚያዘው ግን የፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ ክልሉ ቢፈርም «መከላከያ ዘመቻውን አቁሟል» ማለት በራሱ አይሆንም። ዋጋ የለውም እያልን አይደለም። መሣሪያ አስቀምጦ ቤቱ የገባ አንድ ልጅም ቢሆን ለእናቱ ሙሉ ሰላም ነው። ግን ጥያቄያችሁ «በይፋ የሚቆመው መቼ ነው» ከሆነ፣ መልሱን መጠበቅ ያለብን ከባሕር ዳር ሳይሆን ከአዲስ አበባ ነው።

የሚገፋውና የሚጎትተው

ወደ ማቆም የሚገፉ ነገሮች አሉ።

ምርጫ። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የታቀደው ለ2018 ነው። መራጭ ለመመዝገብ፣ ሣጥን ለማጓጓዝ መንገድ ያስፈልጋል። መረጋጋትን ማሳየት የሚፈልግ መንግሥት ለማወጅ ምክንያት ይኖረዋል። ግን አትቸኩሉ። ስድስተኛው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲካሄድ ትግራይ ውስጥ ድምጽ አልተሰጠም፣ በሌሎች ክልሎችም ምርጫ ያልተካሄደባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ምርጫው ግን ተካሄደ። ስለዚህ ጦርነት እያለም ምርጫ እንደሚደረግ አይተናል። ምርጫ ይገፋል፣ አያስገድድም።

እርሻ። ይሄንን ግምጃ ቤት ላለ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብንም። ማዳበሪያ በጅቡቲ ገብቶ፣ በዋናው መንገድ አልፎ፣ አንከሻ ድረስ መድረስ ያለበት ከሰኔ በፊት ነው። በ2013 የተናጠል ተኩስ አቁሙ ምክንያት እርሻ መሆኑን አስታውሱ። መንግሥት በጸጋ ለማቆም ቢፈልግ ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠለት ቃል ይሄ ነው።

ትምህርት። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን ገልጿል። ይሄ ቁጥር በየዓመቱ በተደመረ ቁጥር ግፊቱ ለሁሉም ወገን ይከብዳል።

የሚጎትቱም አሉ።

ሰሜኑ። ከኤርትራ ጋር ያለው ውጥረት አልበረደም። በመስከረም 2018 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዲዮን ጢሞቴዎስ ለተባበሩት መንግሥታት በጻፉት ደብዳቤ፣ ኤርትራና የሕወሓት አንድ ክንፍ ፋኖን ጨምሮ ታጣቂዎችን ይደግፋሉ ሲሉ ከሰሱ። መንግሥት የአማራውን ውጊያ ከሰሜኑ ጋር አያይዞ እስካየው ድረስ አንዱን ለብቻው ማቆም ይከብደዋል። ተቃራኒው ግን እንደሚቻልም አንርሳ፤ ሰሜን ላይ ጦርነት ቢመጣ ጀርባውን ለማሳረፍ ሲል አማራ ላይ ቶሎ መስማማት ሊፈልግ ይችላል።

አለመተማመን። በታጣቂዎቹ በኩል «ፈርመን መሣሪያ ካስቀመጥን በኋላስ?» የሚል ፍርሃት አለ። በመንግሥት በኩል ደግሞ «ካቆምን ለመደራጀት ይጠቀሙበታል» የሚል ፍርሃት አለ። ከሰኔ 2013 የተናጠል ተኩስ አቁም በኋላ የሆነውን ሁለቱም አይተዋል።

እንግዲህ ግምታችን

በይፋ ማቆም የምንለው ይሄንን ነው፦ የፌዴራል መንግሥት ወይም መከላከያ በአማራ ክልል የሚካሄደው ዘመቻ እንደቆመ፣ ወይም ተኩስ አቁም እንደተደረገ በግልጽ ሲናገር። «ተልዕኮው በስኬት ቀጥሏል» አይቆጠርም። ከአንድ ቡድን ጋር የሚደረግ የክልል ስምምነትም አይቆጠርም።

ከምርጫው በፊት፦ ከ100 ወደ 10።
ከምርጫው በኋላ እስከ መስከረም 2019 መጨረሻ፣ አዲሱ መንግሥት እስኪመሠረት፦ ወደ 15።
ከጥቅምት 2019 እስከ ጳጉሜን 2019፦ ወደ 20።
እስከ 2019 ማብቂያ ድረስ በይፋ ላይቆም፦ ወደ 55።

ለምን ከግማሽ በላይ ወደ «አይታወጅም» አዘነበልን? ሦስት ምክንያት። የኦሮሚያው ምሳሌ ከአምስት ዓመት በላይ ሄዶ እንዲህ ያለ ማወጃ አላየም። የማብቂያ ቀን ያለው አዋጅ በሥራ ላይ የለም። የሚያዝ አንድ ከተማ፣ የሚፈርም አንድ ሰው የለም። ከአዲሱ መንግሥት ምሥረታ በኋላ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደረግነው ደግሞ አዲስ የሥራ ዘመን የጀመረ መንግሥት «ለሰላም እድል ሰጠሁ» ለማለት ፊቱ ስለማይጠፋበት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚመስለን ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ሌላ ቡድን ይፈርማል፣ አንድ ወረዳ ይረጋጋል፣ ሌላው ይታወካል፣ መግለጫ ግን አይወጣም። ኢንተርኔቱን አስታውሱ። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሁላችንም ቀኑን አወቅነው። ሲመለስ ግን ቀስ በቀስ፣ በየቦታው ነበር። ዘመቻውም እንደዚያው ሳይነገር ሊከስም ይችላል።

ሐሳባችንን የሚያስቀይሩን ምልክቶች

ቁጥሩ ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። የሚከተሉትን ካየን ወዲያው እናሻሽለዋለን።

ማን ተናገረ? የወረዳ አስተዳዳሪ ከሆነ ትንሽ፣ ክልሉ ከሆነ መጠነኛ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ኤታማዦር ሹሙ ከሆነ ብዙ ይመዝናል።

ምን አለ? «ተጠናቋል» ስለ ራስ ድል ማውራት ነው። «የተናጠል ተኩስ አቁም» ግማሽ መንገድ ነው። «ተስማምተናል፣ ተቆጣጣሪ ይገባል» ከተባለ ያኔ ጆሮ ስጡ።

ማን መካከል አለ? የአፍሪካ ሕብረት ወይም ኢጋድ በጎጃም ካሉት ዋና አዛዦች ጋር መነጋገሩን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ ካረጋገጡ፣ የ2019ን ቁጥር እጥፍ እናደርገዋለን።

መሬት ላይስ? ይሄኛውን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የማዳበሪያ መኪና ያለ አጀብ ሲያልፍ፣ ሚኒባስ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ማታ ሲሄድ፣ መምህራን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ባጃጅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሲሠራ። እነዚህ ከማንኛውም መግለጫ ይቀድማሉ። መግለጫ ወጥቶ እነዚህ ካልመጡ መግለጫው ወረቀት ነው። መግለጫ ሳይወጣ እነዚህ ከመጡ ደግሞ ዘመቻው እየቆመ ነው ማለት ነው።

ታዲያ በዚህ ግምት ምን እናድርግ?

ፈተና ያለባችሁ፣ «ሲቆም አነባለሁ» አትበሉ። ከግማሽ በላይ እድሉ በሚቀጥለው ዓመትም ላይታወጅ ነው ብለናል። መጽሐፉን ፒዲኤፍ አውርዳችሁ ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት አድርጉት። ድንችና ከሰል የምትነግዱ፣ አንድ ቀን ይከፈታል በሚል ተስፋ ብቻ ሙሉ ካፒታላችሁን አንድ መኪና ላይ አትጫኑ። ሰርግ የምትደግሱ፣ መግለጫ አትጠብቁ፣ መንገዱን የሚያውቁትን ሹፌሮች ጠይቁ።

ማኅተም ያለበት «የተኩስ አቁም ደብዳቤ» በቴሌግራም ሲደርሳችሁም ወዲያው ሼር አታድርጉ። እውነተኛ ማቆም በአንድ የስክሪን ፎቶ አይመጣም፣ ሁለቱም ወገኖች በራሳቸው አንደበት ይናገሩታል። ሐሰተኛ የሰላም ዜና አምኖ መንገድ የወጣ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

የእናንተ ግምት ከ100 ስንት ነው? ለየትኛው ጊዜ? ኮሜንት ላይ ቁጥሩንና ምክንያቱን ጻፉልን። የሰው ስም፣ የምትኖሩበትን ቀበሌና የማንኛውንም ታጣቂ ወይም ጦር እንቅስቃሴ ግን እባካችሁ አትጻፉ። የማንም ቤተሰብ በኛ ገጽ ምክንያት እንዲጎዳ አንፈልግም።

መስከረም 2019 መጨረሻ ላይ ይሄንን ጽሑፍ አውጥተን የተሳሳትንበትንም የተሳካልንንም አብረን እናየዋለን።

ሰላም ለሁላችን።